ከውል ውጪ ኃላፊነት ኬዝ እንዴት ይፈታል? ለሕግ ተማሪዎች፣ ደረጃ በደረጃ

ከውል ውጪ ኃላፊነት (ውል በሌለበት አንዱ ሌላውን ሲጎዳ የሚመጣ የካሳ ኃላፊነት) ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ ማርክ የሚያጣው አንቀጽ ስለማያውቅ አይደለም። አንቀጾቹን በቃላቸው የሚያወርዱ ልጆች አውቃለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 ምን ይላል ብትሏቸው ሳያመነቱ ይመልሳሉ። ኬዝ ሲሰጣቸው ግን ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚያደርጉት፦ ጥፋት ይፈልጋሉ። ጥፋት ካገኙ «ኃላፊ ነው» ይላሉ፣ ካላገኙ «ኃላፊ አይደለም» ብለው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በኛ ሕግ ጥፋት የለም ማለት ኃላፊነት የለም ማለት አይደለም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄንን ይዛችሁ ሂዱ። የቀረው ሁሉ ይሄንን በተግባር እንዴት እንደምታውሉት ነው።

መጀመሪያ ሕጉን ከፊታችሁ አስቀምጡ

ከውል ውጪ ኃላፊነት ያለው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው፣ ከአንቀጽ 2027 እስከ 2161። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ይሄ እንዲሁ ለታሪክ ያህል የምነግራችሁ ነገር አይደለም። ኢንተርኔት ላይ በእንግሊዝኛ ስሙ «ቶርት» ብላችሁ ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ አብዛኛው ማብራሪያ የኮመን ሎው አገሮች ነው፣ ማለትም እንደ እንግሊዝና አሜሪካ ሕጋቸው በአብዛኛው በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ የተገነባ አገሮች። እዚያ እያንዳንዱ የጥፋት ዓይነት የራሱ ስምና የራሱ መስፈርት አለው። እኛ ጋ ግን ከላይ አንድ አጠቃላይ መርህ አለ፣ ዝርዝሮቹ ከሱ ስር ይመጣሉ። ከኢንተርኔት የለቀማችሁትን መስፈርት እንዳለ መልስ ወረቀት ላይ ከገለበጣችሁት ሕጋችን ያላለውን ነገር እንዳለ አድርጋችሁ ጻፋችሁ ማለት ነው።

ካርታውን ያዙ። 2027 መግቢያው ነው። ከ2028 እስከ 2065 ስለ ጥፋት ነው፤ እስከ 2037 ያለው አጠቃላዩ ሲሆን ከ2038 ጀምሮ እንደ መማታት፣ ነፃነት መንፈግ፣ ስም ማጥፋት ያሉ ልዩ ሁኔታዎች ይመጣሉ። ከ2066 እስከ 2089 ጥፋት ሳይኖር የሚመጣ ኃላፊነት ነው። ከ2090 ጀምሮ ካሳ፣ ከ2124 ጀምሮ ሌላ ሰው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆን፣ ከ2141 ጀምሮ ደግሞ የክሱ ነገር። ይሄን ካርታ በቃል መያዝ ሃምሳ አንቀጽ ከመሸምደድ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ኬዙ ሲመጣ የት ገጽ ላይ እንደምትገልጡ ታውቃላችሁ።

አንድ የቋንቋ ወጥመድም አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሕጉን እንግሊዝኛ ቅጂ ነው የምታነቡት። አማርኛው «ጥፋት» የሚለውን እንግሊዝኛው «ኦፌንስ» ይለዋል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ነገሩን ከወንጀል ጋር ያምታታዋል። ወንጀል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ጥፋት ነው። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ማንበብ ልመዱ፣ ብዙ ነገር ይጠራላችኋል።

የምንሠራበት ኬዝ

ሕግ በባዶው አይገባም፣ ስለዚህ አንድ ኬዝ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ።

አንድ የጅምላ ነጋዴ የራሱ የጭነት መኪና አለው። ሹፌሩ ቅጥር ሠራተኛው ነው። ሹፌሩ ጠዋት ለደንበኛ ዕቃ ሊያደርስ ሲሄድ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ እየነዳ ነበር። ታስራ የነበረች ላም ያረጀ ገመዷን በጥሳ ድንገት አስፋልት ላይ ገባች። ሹፌሩ ላሟን ላለመግጨት መሪውን ጠመዘዘ። መኪናው መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ላይ ወጣ። እግሯ ተሰበረ፣ የቆርቆሮ ሱቋም ፈረሰ። በዚያው ቅጽበት አንድ ወጣት ስልኩ ላይ አፍጥጦ ከእግረኛ ማቋረጫው ውጪ መንገድ እያቋረጠ ነበር። መኪናው እሱንም ገጭቶ እጁን ሰበረው።

ጥያቄው፦ ማን፣ ለማን፣ ለምን ያህል ኃላፊ ነው?

ደረጃ 1፦ ነገሩ ውል ነው ወይስ ከውል ውጪ?

ይሄ አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። አንቀጽ 2037 የውል ግዴታን አለመፈጸም ብቻውን ከውል ውጪ ጥፋት አይደለም ይላል። በሁለቱ ሰዎች መካከል ውል ካለና ጉዳቱ የመጣው ውሉ ካለመፈጸሙ ከሆነ የውል ሕግ ነው የሚሠራው። በኛ ኬዝ ሻይ ሻጯም ወጣቱም ከነጋዴው ጋር ምንም ውል የላቸውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ እለፉ። ዕቃውን ሲጠብቅ የነበረው ደንበኛ ግን ዕቃው ባለመድረሱ ቢከስ የሱ ጉዳይ የውል ነው። ኬዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ከገባ መምህሩ ሆን ብሎ አስገብቶት ሊሆን ይችላል፣ ልብ በሉ።

ደረጃ 2፦ ሰዎቹንና ጉዳቶቹን ለዩ

ምንም አንቀጽ ከመጥቀሳችሁ በፊት በጭረት ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሥሩ። በአንድ በኩል ተጎጂዎች፣ በሌላ በኩል ሊከሰሱ የሚችሉ። ከዚያ የእያንዳንዱን ተጎጂ ጉዳት ነጣጥላችሁ ጻፉ።

ሻይ ሻጯ፦ የአካል ጉዳት፣ የፈረሰ ሱቅ፣ የተቋረጠ ገቢ፣ ሥቃይ። ወጣቱ፦ የአካል ጉዳት፣ ሥቃይ። ሊከሰሱ የሚችሉት፦ ሹፌሩ፣ ነጋዴው፣ የላሟ ባለቤት።

ለምን ይሄን ያህል ትነጣጥላላችሁ? ምክንያቱም ሕጋችን ለአካል ጉዳትና ለንብረት ጉዳት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። ሱቁን ከእግሩ ጋር ደባልቃችሁ «ጉዳት ደርሷል» ብቻ ካላችሁ ቀጥሎ የሚመጣውን ልዩነት ማየት አትችሉም። ይሄ ሠንጠረዥ አምስት ደቂቃ ቢወስድባችሁ ነው፣ የሚያድንላችሁ ማርክ ግን ብዙ ነው።

ደረጃ 3፦ ሦስቱን በሮች አንኳኩ

አንቀጽ 2027 ላይ ረጋ ብላችሁ ቆዩ። ሕጉ ሰው ኃላፊ የሚሆንበትን ሦስት መንገድ ይዘረዝራል። አንዱ በራሱ ጥፋት። ሁለተኛው ጥፋት ባይኖርም፣ በሚሠራው ሥራ ወይም በያዘው ነገር ምክንያት ሕግ ኃላፊ ሲያደርገው። ሦስተኛው በሕግ የሚጠየቅለት ሌላ ሰው ኃላፊ ሲሆን። እኔ በሮች እላቸዋለሁ። ለእያንዳንዱ ተከሳሽ ሦስቱንም በር ታንኳኳላችሁ። የመጀመሪያው ተከፈተ ብላችሁ ሌሎቹን አትተዉ፣ የመጀመሪያው ተዘጋ ብላችሁም ተስፋ አትቁረጡ።

*የመጀመሪያው በር፣ ጥፋት።* መነሻው 2028 ነው፦ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል። 2029 ጥፋት ሆን ተብሎም በቸልተኝነትም ሊሆን እንደሚችል፣ በማድረግም ባለማድረግም ሊፈጸም እንደሚችል ይነግራችኋል። መለኪያው 2030 ላይ ነው፣ እሱም አንድ አስተዋይ ሰው በዚያ ሁኔታ ምን ያደርግ ነበር የሚለው። ተጠንቀቁ፣ ሹፌሩ በልቡ ምን አስቦ ነበር ብላችሁ አይደለም የምትጠይቁት። አንድ አስተዋይ ሹፌር በዚያ መንገድ በዚያ ፍጥነት ይነዳ ነበር ወይ? እሱን ነው።

እዚሁ አንቀጽ ላይ ብዙዎች የማያዩት ንዑስ አንቀጽ 3 አለ። ሌላ ሕግ ካልተጻፈ በቀር ጥፋት የሚመዘነው የሰውየው ዕድሜና የአእምሮ ሁኔታ ሳይታይ ነው ይላል። ስለዚህ «ሕፃን ስለሆነ ጥፋት የለበትም» ብላችሁ አትጻፉ። ድርጊቱ ስህተት መሆኑን የማይረዳ ሰው ጉዳይ በ2099 የካሳውን መጠን ሲቀንስ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ ያ ግን ጥፋት የለም ከማለት ይለያል።

የኛ ሹፌር ግን ቀለል ይላል። 2035 በግልጽ የተደነገገ ሕግን የጣሰ ሰው ጥፋተኛ ነው ይላል፣ የፍጥነት ወሰን ደግሞ በደንብ የተወሰነ ነው። ሕጉን አላውቅም ነበር ማለትም አያድነውም። እንግዲህ ሹፌሩ ላይ የመጀመሪያው በር ተከፍቷል።

የላሟ ባለቤትስ? ገመዱ ያረጀ ነበር። አንድ አስተዋይ ሰው አስፋልት ዳር ላም ሲያስር ገመዱን አያይም? በኔ እይታ ቸልተኝነት አለ። እናንተ ግን «አለ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ ከኬዙ ውስጥ «ያረጀ» የምትለዋን ቃል አውጥታችሁ ተጠቀሙባት። ኬዝ ውስጥ ያለ ቅጽል በከንቱ አይቀመጥም።

ነጋዴው በግሉ ምንም ጥፋት አልሠራም። ብዙው ተማሪ እዚህ ጋ ነው ነጋዴውን የሚያሰናብተው።

*ሁለተኛው በር፣ ያለ ጥፋት።* ይሄ የሕጋችን ሀብታሙ ክፍል ነው። እኔም በጣም የምወደው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ሕጉ ከአደገኛ ነገር የሚጠቀም ሰው አደጋውንም ይሸከም የሚል ሐሳብ ይዞ እንደተነሳ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከመኪናው እንጀምር። 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ መኪናውን የነዳው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ። የሚያመልጥበት አንድ ቀዳዳ መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። የኛ ነጋዴ መኪና አልተሰረቀም። ስለዚህ ምንም ሳያጠፋ ኃላፊ ነው። ለእግሩም ለሱቁም ለእጁም። «እኔ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ነበር» ማለት መከላከያ አይሆንም። 2086 በግልጽ ይዘጋበታል፦ ጥፋት የለብኝም፣ ምክንያቱ አልታወቀም፣ ልከላከለው አልችልም ነበር፣ የሦስተኛ ሰው ጥፋት ነው የሚሉት ሁሉ አይሠሩም። ይሄን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ነጋዴው «ላሟ ናት ጥፋተኛዋ» ብሎ ጣቱን ወደ ላሟ ባለቤት ቢቀስር ተጎጂዎቹ ፊት አይጠቅመውም።

ወደ ላሟ። 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ እንስሳው በድንገት አምልጦት ቢሆንም፣ ጉዳቱ ቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። «ገመዷን በጥሳ ነው እኮ» የሚለው መልስ እዚህ ይወድቃል። ከዚያ 2074 አለ። የቤት እንስሳ ከሆነ ባለቤቱ እንስሳውን ለተጎጂው አሳልፎ በመስጠት ከኃላፊነት ነፃ ሊወጣ ይችላል። ላሟን ስጥና ተገላገል እንደማለት ነው። ግን ጉዳቱ በባለቤቱ ጥፋት ከደረሰ ይሄ ዕድል የለም። አያችሁ አሁን ያረጀው ገመድ ለምን እንደሚያስፈልግ? በመጀመሪያው በር ያነሳነው ጥፋት እዚህ ተመልሶ መጣ። በሮቹ ይነጋገራሉ።

ሹፌሩ ራሱም ሁለተኛው በር ጋ ይመጣል። 2067 በድርጊቱ የሌላውን አካል የጎዳ ሰው ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋትን አይጠይቅም። የሚያመልጠው ድርጊቱ በሕግ የታዘዘ ከሆነ፣ በሕጋዊ መከላከል ከሆነ፣ ወይም ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ በተጎጂው ጥፋት ከደረሰ ነው። እና ሹፌሩ በተፈቀደለት ፍጥነት እየነዳ ቢሆን ኖሮስ? ለተሰበረው እግርና እጅ በ2067 ኃላፊ ከመሆን አያመልጥም። ለፈረሰው ሱቅ ግን 2067 አይሠራም፣ አካል አይደለምና። ሠንጠረዡ ላይ እግርና ሱቅን ለይታችሁ ጻፉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ራስን ወይም ሌላን ለማዳን ሲባል ሆን ተብሎ የሚደርስ ጉዳት 2066 ላይ አለ። ሹፌሩ «ላሟን ላለመግጨት ነው» ሲል የምታዩት እሱን ነው። ቦታው ያለ ጥፋት ኃላፊነት ክፍል ውስጥ መሆኑን አስተውሉ። በራሱ ከኃላፊነት ነፃ የሚያወጣ አድርጋችሁ እንዳትጽፉት።

*ሦስተኛው በር፣ ለሌላ ሰው።* አሠሪ ሠራተኛው ሥራውን ሲሠራ ኃላፊ በሆነ ጊዜ አብሮ ይጠየቃል፣ 2130። ሹፌሩ ለደንበኛ ዕቃ እያደረሰ ነበር፣ ስለዚህ ብዙ ክርክር የለውም። በሥራ ቦታ ወይም በሥራ ሰዓት የደረሰ ጉዳት ሥራ ላይ እንደደረሰ ሕጉ በ2132 ግምት ይወስዳል። ነጋዴው እንግዲህ በሁለት በር ተያዘ፣ በመኪናው ባለቤትነትና በአሠሪነቱ። «አንዱ ከበቃ ለምን ሁለት?» ትሉ ይሆናል። መኪናው የሱ ባይሆንስ፣ ተከራይቶት ቢሆንስ? አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ክፍት ይሆናል። ሁለቱንም ጻፉ።

ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ሲያጠፋ አባት (በሌለበት ደግሞ ሌላ አሳዳጊ) የሚጠየቅበት 2124 እና 2125፣ የመንግሥት ሠራተኛ ሲያጠፋ ደግሞ 2126 ያሉት በዚሁ በር ነው። ሹፌሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቢሆን ጥፋቱ የሥራ ነው ወይስ የግል የሚለውን መለየት ግድ ይላችኋል።

ደረጃ 4፦ ምክንያትና ውጤት

እዚህ ላይ ሕጉ ብዙ አይረዳችሁም። ምክንያትና ውጤት የሚያያዙበትን መንገድ በአንድ አንቀጽ ዘርዝሮ አላስቀመጠውም። 2028 «ጉዳት ያደረሰ» ብሎ አልፏል። ስለዚህ የናንተ አስተሳሰብ ነው የሚፈተነው።

ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛው፦ ይሄ ድርጊት ባይኖር ኖሮ ጉዳቱ ይደርስ ነበር? ላሟ ባትገባ ሹፌሩ መሪውን አይጠመዝዝም ነበር። ፍጥነቱ ባይበዛ ደግሞ ፍሬን ይዞ ሊቆም ይችል ነበር። ሁለቱም ያልፋሉ። ግን ይሄ ጥያቄ ብቻውን ብዙ ነገር ያስገባል። ላሟን ለባለቤቱ የሸጠለት ሰው ባይሸጥስ? እሱም ሊገባ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ጨምሩ፦ እንዲህ ያለ ድርጊት በተለመደው የነገሮች አካሄድ እንዲህ ያለ ጉዳት ያመጣል ወይ? በአስፋልት ላይ የተለቀቀ ከብት የመኪና አደጋ ያመጣል፣ ማንም ያውቀዋል። ከብት መሸጥ ግን አያመጣም።

መምህራን እዚህ የሚፈልጉት ትክክለኛ መልስ ሳይሆን ክርክር ነው። «ላሟ ሰው አልነካችም፣ የነካው መኪናው ነው» የሚል ጠበቃ ይመጣል ብላችሁ አስቡና መልሱለት።

ደረጃ 5፦ የተጎጂው ጥፋት

ወጣቱን አስታውሱ። ስልኩ ላይ አፍጥጦ ነበር፣ ያውም ከማቋረጫው ውጪ። 2098 ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት ከደረሰ ካሳው በከፊል ብቻ ነው ይላል። 2086 ንዑስ አንቀጽ 2ም ለመኪናና ለእንስሳ ባለቤቶች ይሄንኑ መውጫ ይፈቅዳል፣ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል። የኛ ወጣት በከፊል ነው፣ ምክንያቱም በፍጥነት የሚመጣ መኪናም አለ።

በቁጥር እናድርገው። ጉዳቱ 60,000 ብር ቢሆንና ፍርድ ቤቱ የወጣቱን ድርሻ 30 በመቶ ቢለው የሚከፈለው 42,000 ብር ነው። መቶኛውን ሕጉ አይሰጣችሁም፣ የጥፋቱን ክብደትና ለጉዳቱ ያደረገውን አስተዋጽኦ መዝናችሁ ምክንያት ትሰጣላችሁ።

ሻይ ሻጯ ምንም አላጠፋችም። «መንገድ ዳር ምን አስቀመጣት?» የሚል ተማሪ አጋጥሞኛል፣ እኔ በፍጹም አልስማማም። ይሄን ለማለት ከኬዙ ውስጥ አንድ ፍሬ ነገር ያስፈልጋችኋል፣ የሌለውን አትፍጠሩ።

ደረጃ 6፦ ካሳውን አስሉ

መርሁ 2091 ነው፦ ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን። አይበልጥም፣ አያንስም። ካሳ ቅጣት አይደለም፣ ሰውየውን ሀብታም ማድረጊያም አይደለም።

የሻይ ሻጯን እንደምርላት። ሕክምና 18,000 ብር። በወር 9,000 ብር የምታገኝ ቢሆንና 3 ወር ብትተኛ 27,000 ብር። ሱቁን መልሶ ለመሥራት 25,000 ብር። ድምሩ 70,000 ብር። እግሯ ሙሉ በሙሉ ካልዳነና ወደፊትም ገቢዋ እንደሚቀንስ የተረጋገጠ ከሆነ 2092 እስኪደርስ ሳትጠብቅ አሁኑኑ እንድትጠይቅ ይፈቅድላታል። ትክክለኛው ቁጥር የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በ2102 በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ ነው ብሎ ባመነው መጠን፣ ይቆርጣል። ደረሰኝ የሌላት ሻይ ሻጭ ባዶ እጇን አትመለስም ማለት ነው። ይሄ አንቀጽ ለብዙ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ሞት ቢኖር ኖሮ ደግሞ 2095ን ትገልጡ ነበር፣ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች በሟቹ ምክንያት ያጡትን የሚጠይቁበት ነው።

የሕሊና ጉዳት (እንደ ሥቃይና ሐዘን ያለ በገንዘብ የማይለካ ጉዳት) ላይ ስትደርሱ የምትደነግጡበት ነገር አለ። 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚሰጥ ካሳ ከ1,000 ብር መብለጥ የለበትም ይላል። ጣሪያው የተቀመጠው በ1952 ነው። ያን ጊዜ 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የእግር መሰበርን ሥቃይ በ1,000 ብር ካሳ ተባለ ማለት ለኔ በጣም የሚያም ነገር ነው፣ ሕግ አውጪው ሊያየው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ፈተና ላይ ግን ቁጥሩን ከነአንቀጹ ጻፉ፣ ከዚያ አስተያየታችሁን ጨምሩ።

ደረጃ 7፦ ማን ይከፍላል፣ እስከ መቼ ይከሰሳል

ሦስት ኃላፊ አግኝተናል። 2155 ብዙ ሰዎች ለአንድ ጉዳት ኃላፊ ሲሆኑ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ ይላል። ሻይ ሻጯ 70,000 ብሩን በሙሉ ከነጋዴው ብቻ መጠየቅ ትችላለች። ሹፌሩ የለውም፣ የላሟ ባለቤትም የለውም እንበል፣ ነጋዴው ግን አለው። እሷ ሦስት ቦታ መሯሯጥ የለባትም። በመካከላቸው የሚኖረው መካፈል የነሱ ጉዳይ ነው፣ እዚያ ላይ የጥፋቱ ክብደት ይታያል።

ማስረዳት የከሳሽ ነው፣ 2141። ጉዳቱንም፣ ተከሳሹን ኃላፊ የሚያደርጉትን ሁኔታዎችም። በሁለተኛው በር ከገባችሁ ጥፋትን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፣ ይሄ ለከሳሽ ትልቅ እፎይታ ነው። ጠበቃ ስትሆኑ ቀላሉን በር የምትመርጡትም ለዚህ ነው።

ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ 2143 ላይ አለ። ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት። ጉዳቱ የመጣው ረዘም ያለ ይርጋ ካለው የወንጀል ድርጊት ከሆነ ግን ረጅሙ ነው የሚሠራው። ሹፌሩ በፍጥነት ነድቶ ሰው ስለጎዳ የወንጀል ጉዳይ መኖሩ አይቀርም፣ ስለዚህ 2 ዓመት አልፏል ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ይሄን ንዑስ አንቀጽ አንብቡ። በወንጀሉ ነፃ ቢባልስ? 2149 የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤቱ በዚያ አይታሰርም ይላል። ወንጀል ላይ የሚጠየቀው የማስረጃ ክብደት ከፍ ያለ ነው፣ እዚያ አልበቃም ማለት እዚህ አይበቃም ማለት አይደለም።

መልሱን ስትጽፉ

በተከሳሽ ከፋፍላችሁ ጻፉ። ለእያንዳንዱ መጀመሪያ ጥያቄውን፣ ቀጥሎ አንቀጹን በራሳችሁ ቃል፣ ከዚያ ከኬዙ ያለውን ፍሬ ነገር፣ በመጨረሻ መደምደሚያ። ይሄን ይመስላል፦

«የጅምላ ነጋዴው በግሉ ጥፋት አልፈጸመም፣ ስለዚህ በ2028 ኃላፊ አይሆንም። ሆኖም ጉዳቱን ያደረሰው መኪና ባለቤት ስለሆነና መኪናው ስላልተሰረቀበት በ2081 ኃላፊ ነው። ላሟ በመግባቷ ነው የሚለው ክርክር በ2086 ንዑስ አንቀጽ 1 ተቀባይነት የለውም። ከዚህ ሌላ ሹፌሩ ሥራውን እያከናወነ ስለነበር በ2130ም ይጠየቃል።»

አራት ዓረፍተ ነገር። ሦስቱም በሮች ተነክተዋል።

የሰበር ውሳኔዎችንም (የመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት አለ ሲባል የሚሰጡትን) አትርሱ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ሌሎች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ በታተሙባቸው ቅጾች ውስጥ «ከውል ውጪ ኃላፊነት» በሚለው ርዕስ ስር ያሉትን እየገለጣችሁ አንብቡ። በተለይ ፍሬ ነገሩን ብቻ አንብባችሁ ውሳኔውን ሸፍኑና ራሳችሁ ፍረዱ፣ ከዚያ አስተያዩ። ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላገኘሁም።

ለዛሬ ግን ኬዛችንን እንደገና ውሰዱና አንድ አንድ ነገር ቀይሩ። መኪናው በዚያ ጠዋት ተሰርቆ ሌባው እየነዳው ቢሆን፣ ነጋዴው በየትኛው በር ይያዛል? ሹፌሩ በእረፍት ቀኑ ለግል ጉዳዩ ወስዶት ቢሆንስ? ገመዱ አዲስ ቢሆንና የላሟ ባለቤት ላሟን ልስጣችሁ ቢል፣ ሁለት ተጎጂ ባለበት ለየትኛው ትሰጣለች? ላሟ ቀርታ ሌላ መኪና መጥቶ ቢጋጩና ማን እንዳጠፋ ባይታወቅ፣ 2084 ምን ይላል? መጀመሪያ ሠንጠረዡን ሥሩ።